የተረፉት ሦስት ቴምሮች

ሊሸሹት የፈለጉትን ሰው የሚያገኙት ሁልጊዜ ለትንሽ ነገር ብቅ ባሉበት ሰዓት ነው። እማማ ኡምሰልማም ከግቢያቸው ፊት ለፊት ባለችው በሙጂብ ሱቅ ደጃፍ መምህርት ሂንዳን ሲያዩ፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ሊመለሱ ቃጥቷቸው ነበር። ግን ወዴት ይገባሉ? ሱቋ ጠባብ፣ መንገዱ ገላጣ ነው። ሂንዳም ገና ከሩቁ "አሰላሙ አለይኩም እማማ" ብላለች፤ ሰላምታ ደግሞ ሳይመልሱት አይታለፍም።

"ወአለይኩሙ ሰላም ልጄ" አሉ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። ወደ ሙጂብ ዞር ብለውም "ሦስትና አንድ ፓኬት ብስኩት ስጠኝ" አሉት። ሙጂብ ፈገግ እንኳ ሳይል አራት ፓኬት አወረደላቸው። እማማ "አራት" የሚለውን ቃል በአፋቸው እንደማያነሱ ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እማማ ኡምሰልማ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሐርጌሳ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሚተዳደሩትም የጎረቤት ልጆችን በመጠበቅ ነው። እንደሳቸው ከኢትዮጵያ የመጡ እናቶች ጠዋት ወደ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ልብስ ሊያጥቡና ቤት ሊያጸዱ ሲወጡ ልጆቻቸውን እማማ ግቢ ትተው ይሄዳሉ፤ መሽቶ መግሪብ ሲቃረብ መጥተው ይወስዳሉ። እማማ ያበላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያስተኛሉ፣ አጫጭር የቁርዓን ሱራ ያስቀራሉ። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ ልጆቹን አይቆጥሩም። "ስንት ልጅ ነው የሚይዙት?" ብሎ የጠየቃቸውን ሰው "አላህ የሰጠንን!" ብለው ኩም ያደርጉታል።

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የታፈሰ አይደለም። በወጣትነታቸው፣ ኮምቦልቻ ሳሉ፣ አንዲት ጎረቤታቸው በራፍ ላይ ቆማ ልጆቻቸውን በጣቷ እየጠቆመች "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንዴት ያምራሉ!" አለች። ከክፉ ዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ማለቱን ረሳችው። አራተኛው ካሚል ይባል ነበር። በዚያው ሳምንት ትኩሳት ያዘው፤ ጁምዓን ሳያይ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ የተቀሰረ ጣት ባዩ ቁጥር ልጆቹን ወደ ጉያቸው ይሰበስባሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እማማን በዚህ የሚስቅባቸው ሰው ልጅ ቀብሮ የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ሂንዳን የሚሸሿት ለምንድን ነው ቢባል፣ በልጅ ልጃቸው በዓኒሳ ምክንያት ነው። ሂንዳ አባቷ የሐርጌሳ ሰው ቢሆኑም ያደገችው ጅግጅጋ ነው፤ አማርኛዋ ከማንም አያንስም። ሰፈሩ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የስደተኛ ልጆችን ጠዋት ጠዋት ታስተምራለች። ባለፈው ሰሞን ማካፈል ማስተማር ጀመረች። ዓኒሳም ከትምህርት እንደተመለሰች የግቢውን ልጆች በግድግዳው ጥግ አሰልፋ፣ "ላካፍላችሁ" ብላ፣ ጣቷን ቀስራ አንድ በአንድ መቁጠር ያዘች። እማማ ከወጥ ቤት ሲወጡ ይህን አዩ። የዓኒሳን እጅ በጥፊ መቱት፤ ልጆቹን እያንዳንዳቸውን ቢስሚላህ ብለው እፍ አሉባቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓኒሳ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ሂንዳ ለክፍሉ የገዛችውን ቴምር በላስቲክ ይዛ፣ በትሕትና፣ ዓኒሳ ታማ እንደሆነ ጠየቀች። እማማ መዋሸት አልሆነላቸውም። ደህና እንደሆነች፣ ነገር ግን ከእንግዲህ እንደማትመጣ፣ የተማረችው እንደሚበቃት ነገሯት። ይህን ሲናገሩ በስተምዕራብ ካለው ኮረብታ ወዲያ ሰማዩ አጉረመረመ። ጉ የሚሉት የዝናብ ወቅት ነው፤ እዚህ ጠብ ያላለው ዝናብ ወዲያ ማዶ ይዘንብና ከእማማ ግቢ ጀርባ ያለውን ደረቅ ወንዝ ሳይታሰብ ያመጣዋል። እማማ ደመናውን አይተው ልባቸው ደነገጠ። ግን እንግዳ ደጅ አቁሞ መሄድ ነውር ነውና "ግቢ እስቲ፣ ውሃ እንኳ ቅመሺ" አሏት።

የግቢው አጥር ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ እሾህ ነው። ልጆቹ በአቧራው ውስጥ ይተራመሳሉ። አንዷን ብቻ ላሳያችሁ፤ ሻሚስ ትባላለች፣ ገና አፏን በወጉ ያልፈታች፣ ካስቀመጧት የምትቀመጥ፣ ቢነጥቋት የማታለቅስ ልጅ ናት። እናቷ ቢልቂስ ከእሷ በቀር ሌላ ልጅ የላትም።

ሂንዳ ልጆቹ ብስኩት ሲያዩ ሲጋፉ ተመለከተችና እማማ እንዴት እንደሚያካፍሉ ጠየቀች። እማማም እጃቸው እንደሚያውቅ፣ ለትልቁ በርከት ለትንሹ አነስ እያደረጉ እንደሚዘግኑ፣ እናታቸውም እንዲሁ እያካፈሉ እንዳሳደጓቸው ተናገሩ።

"የሚጮኸው ልጅ ድርሻውን ያገኛል እማማ" አለች ሂንዳ። "ዝም የሚለውስ?"

እማማ ፓኬቶቹን መፍታት ጀመሩ። ሂንዳ ፈቃድ ጠይቃ ዓኒሳን ጠራች፤ አንድም ልጅ በጣት ሳይጠቆም፣ ብስኩቱ ብቻ ተቆጥሮ እንዲካፈል ሐሳብ አቀረበች። ብስኩት መቁጠር ደግሞ እማማም አይከለክሉም። በየፓኬቱ ስድስት ነው፤ በጠቅላላው ሃያ አራት። ዓኒሳ ልጆቹን አስቀመጠችና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እየሰጠች ዞረች፤ ለራሷም ወሰደች። ተረፈ። እንደገና አንድ አንድ እያለች ዞረች፤ ለራሷ ስታነሳ እጇ ባዶ ሆነ። ሁሉም ሁለት ሁለት ደረሰው። ሻሚስ በሁለት እጇ ሁለት ብስኩት ይዛ ግራ ገብቷት አየች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ደርሷት አያውቅም።

እማማ ግን ፊታቸው አልፈታም። "ምንም ሳይተርፍ ያልቃል? በረካ የሌለው ማዕድ ነው። በእኛ አገር ከማዕድ ትንሽ ካልተረፈ ቤቱ ይፈራለታል" አሉ። ልጆቹ ብስኩታቸውን ይዘው ተበታተኑ፤ ሁለቱ ሴቶች ጥላ ሥር ቁጭ አሉ፤ ዓኒሳም ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ክርክሩ የጀመረው ያኔ ነው።

ሂንዳ ማካፈል ማለት ልጅ እንደ በቀቀን የሚሸመድደው የቃል ድግምት እንዳልሆነ አስረዳች። ልጅ መጀመሪያ በእጁ ያካፍላል፤ አንድ ላንተ፣ አንድ ላንቺ እያለ። ቀጥሎ ነገሩ በቃላት ይነገረዋል፤ "አንዲት እናት ይህን ያህል ዳቦ ገዛች፣ ይህን ያህል ልጆች አሏት" ይባላል፤ እሱ ዳቦውን ሳያይ በሐሳቡ ያካፍላል። በመጨረሻም ሲተርፍ ለምን እንደተረፈ፣ ሲጎድል ለምን እንደጎደለ ይጠይቃል።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አሉ እማማ። "የሕፃን ስሌት ቤት አያቆምም። እኔ ስሌቱን አልጠላሁም፤ ልጄ፣ የምፈራው ጣቱን ነው። ቁጥር ዓይን ይጠራል።"

"እማማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰላት ስንሰግድ ረከዓውን እንቆጥር የለም? ለዘካ ግመሉም ፍየሉም ይቆጠራል።"

"ልጅና ፍየል አንድ ነው?"

"አይደለም። ግን ረመዳን ሲያልቅ ለድሃ የሚሰጠውን ፊጥራ የምናወጣው በምን ሒሳብ ነው? በቤቱ ባለው ነፍስ ሁሉ ልክ፣ ሌሊቱን የተወለደው ሕፃን ሳይቀር። ሳይቆጠሩ እንዴት ይወጣላቸዋል? ቁጥር ክፉ ቢሆን ኖሮ አላህ በልጆቻችን ራስ ላይ ያዝዘው ነበር?"

ይህች ነገር እማማን ወጋቻቸው። ፊጥራ ሲያወጡ ጎረቤታቸውን ሰውዬ "አንተው አስበው" ብለው ፊታቸውን አዙረው እንደሚቆሙ ትዝ አላቸው። ማዶ ደግሞ ሰማዩ ዳግመኛ አጉረመረመ። በልባቸው ይህች ልጅ በማያገባት ገብታ የተኛ ነገር እየቀሰቀሰች እንደሆነ ተሰማቸው። ስለ ካሚል ነገሯት፤ ለብዙ ሰው የማይነግሩትን። ሂንዳ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች፤ አላህ ይዘንለት አለች፤ ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተወችው። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ዝም ማለት ያለበትን ቦታ ቢያውቅ፣ ምክሩ ይበልጥ በተሰማለት ነበር።

ለመሄድ ስትነሳ ግን ቴምሩን አስባ ለልጆቹ ሰደቃ ይሁን አለች። ሠላሳ ስድስት ፍሬ ነው፤ ለክፍሉ ብላ ቆጥራ ነው የገዛችው። ዓኒሳን "እስቲ ጥያቄ ልስጥሽ" አለቻት። "አንዲት ልጅ ሃያ አራት ብስኩት ስታካፍል ለሁሉም ሁለት ሁለት ደረሰ። አሁን ሠላሳ ስድስት ቴምር ብታካፍል ስንት ስንት ይደርሳል? ማንንም እንዳታይ፣ ማንንም እንዳትጠቁሚ።"

ዓኒሳ ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ አራቱ በሁለት በሁለት ሲከፈል አሥራ ሁለት ሰው ነው። ሠላሳ ስድስት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል... "ሦስት ሦስት" አለች። "ምንም አይተርፍም።" እማማ ልጆቹ ሳይጠቆሙ ቁጥራቸው ከብስኩት ውስጥ ሲወጣ ሰምተው አዑዙ ቢላህ አሉ፤ ግን ማንም ጣት ስላልቀሰረ የሚቆጡበት አጡ።

ልጆቹ ተጠሩ። ዓኒሳ ዞረች፤ አንድ አንድ፣ ደግማ አንድ አንድ፣ ሠልሳ አንድ አንድ። ለሁሉም ሦስት ሦስት ሰጥታ፣ የራሷንም ወስዳ ስታበቃ፣ ላስቲኩ ውስጥ ሦስት ቴምር ቀረ።

እማማ ፊታቸው በራ። "አየሽ ልጄ! በረካ ይሉሻል ይሄ ነው። ሰደቃሽን አላህ ወደደው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ!" ብለው እጃቸውን ወደ ላስቲኩ ሰደዱ።

ዓኒሳ ግን ላስቲኩን አልለቀቀችም። "እማማ፣ መትረፍ አልነበረበትም" አለች።

"በረካ ነው እኮ አልኩሽ።"

"አይደለም። ሦስት ነው የተረፈው። የአንድ ሰው ድርሻ ነው።"

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ያም አለ፣ ያቺም አለች፣ ዓይናቸው ከፊት ወደ ፊት ዘለለ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዝም የምትለዋ የለችም።

"ሻሚስ" አሉ በቀስታ።

ሂንዳ ወደ አጥሩ ሮጠች። ከእሾሁ ሥር ሕፃን የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው አፍ ላይ የተቆረሰ ብስኩት ወድቋል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቁልቁለት በቀጥታ ወደ ደረቁ ወንዝ ይወስዳል። እማማ በበሩ ዞረው፣ ጫማቸው ከእግራቸው መውለቁን ሳያውቁ ደረሱ። ሻሚስ ታች፣ ከአሸዋው መካከል፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ብላለች። አንዱን ብስኩቷን አሸዋ ላይ አስቀምጣ በትንሽ እጇ ትቆፍራለች።

ያኔ ድምፁ ተሰማ። ነጎድጓድ አልነበረም፤ ነጎድጓድ ይቆማል፣ ይሄ አይቆምም ነበር። ከላይ ከጠመዝማዛው በኩል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚንከባለል፣ እየቀረበ ይመጣል። እማማ መጣራት ፈለጉ፤ ብትደነግጥና ወዲያ ብትሮጥስ ብለው ፈሩ። መውረድ ፈለጉ፤ ቁልቁለቱ ለእርጅና እግር የሚሆን አልነበረም። አፈር ላይ ተንበርክከው "ያ ረቢ፣ የሰው ልጅ ናት፣ የሰው አደራ ናት" ከማለት በቀር ምንም አልቻሉም። ሂንዳ ግን ወርዳ ነበር። ልጅቷን በአንድ እጇ ከወገቧ አፈፍ አድርጋ፣ ቀሚሷን በሌላው ሰብስባ፣ ቁልቁለቱን መልሳ ወጣችው። እማማ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ክንድ ሲይዙ፣ የሻሚስ አንድ ሸበጥ ወልቆ ታች ቀረ።

ውሃው መጣ። ቡና ቀለም ያለው፣ አሮጌ ጎማና የግራር ቅርንጫፍ የተሸከመ ውሃ ነው። አሸዋውንም፣ ጉድጓዷንም፣ ብስኩቷንም፣ ሸበጧንም ወሰደ። ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን መሐላቸው አጣብቀው ያዙ። ከዚያ ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሆነ ነበር።

እማማ መናገር ሲችሉ የተናገሩት ሂንዳ የጠበቀችውን አልነበረም። "ማንም አልቆጠራትም" አሉ። "በሕይወቷ ማንም ጣት ቀስሮባት አያውቅም፤ እኔ ጠብቄያታለሁ። እንዲያም ሆኖ ልትሄድብኝ ነበር።" ጥቂት ቆይተው፣ ውሃውን እያዩ፣ "ታዲያ የእኔን ካሚል የወሰደው ምንድን ነው?" አሉ።

"ትኩሳት ነው እማማ። ቀኑም የአላህ ነው። የጎረቤትዎ ጣት አልነበረም።"

እማማ አለቀሱ። ለካሚል አልቅሰው ያውቃሉ፤ ያኛው ግን ጎረቤታቸውን እየረገሙ ያለቀሱት ነበር። ይሄኛው ሌላ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ገና አልመጣም ነበር፤ ቢልቂስ። አመሻሽ ላይ የልብስ ሳሙና ሽታዋን ይዛ ስትገባ እማማ ሌላ ሰው ወሬውን እንዲነግራት አልጠበቁም። ቀዳዳውንም፣ ክርክሩንም፣ ውሃውንም፣ "በረካ ነው" ብለው ቴምሩን ሊወስዱ እንደነበር ሳይቀር ሁሉንም ነገሯት። ቢልቂስ ልጇን አቅፋ ሸበጥ የጎደለውን እግሯን ዳበሰች። ማዶው ጨልሟል፤ ወንዙ እስካሁን ይጮኻል። ነገም ሥራ አለባት፤ ልጇን የምታስቀምጥበት ሌላ ቤት የላትም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"እማማ፣ ከነገ ጀምሮ እንዴት ይሆናል?"

"ይቆጠራሉ" አሉ እማማ።

ሂንዳ በዚያ ሳምንት ለእናቶቹ ያስረዳችውን እኔም ሳልሸራርፍ ላቅርበው፤ ምክር ነውና። እኩል ማካፈል የተማረ ልጅ ዝም የሚለውን ልጅ አይረሳም፤ ለጮኸው ሁሉ አያደላም። የቃላት ጥያቄ የለመደ ልጅ በወሬ መሐል ያለውን ቁጥር ያወጣዋል፤ ሃያ አራት ብስኩት ስንት ሰው እንደበላው ይነግራችኋል። ሲተርፍ "የማን ነው?"፣ ሲጎድል "ማን ወሰደው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ሰው በዕድል ላይ የሚያላክከውን እሱ በእጁ ይይዘዋል። በረካም ቢሆን በዚህ አይጠፋም። የሁሉም ድርሻ ለሁሉም ደርሶ የተረፈ እንደሆነ በረካ ነው፤ ሰው ጎድሎ የተረፈ ግን የጎደለው ሰው ድርሻ ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። እማማ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንገታቸውን እየነቀነቁ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኔንም ተረፈ ብዬ ስስቅ ሊወስደኝ ነበር" አሉ።

ውሃው በመጣ ማግስት ጠዋት የአጥሩ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተደፈነ። ዓኒሳ ደብተሯን ይዛ ለትምህርት ተዘጋጅታ ቆመች፤ ግን አልሄደችም፣ አንድ ነገር ለማየት ጠበቀች። እናቶቹም በበሩ ላይ ቆመዋል። እማማ ልጆቹን በግድግዳው ጥግ፣ ያን ቀን ዓኒሳ ባሰለፈችበት ቦታ፣ አሰለፉ። ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ መዳፋቸውን በእያንዳንዱ ልጅ ራስ ላይ ማሳረፍ መረጡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"አንድ፣ ማሻአላህ። ሁለት፣ ማሻአላህ። ሦስት፣ ማሻአላህ።"

ቀጥሎ የቆመችው ሻሚስ ናት፤ በሰፊ የትልቅ ሰው ሸበጥ። የእማማ እጅ ከራሷ በላይ አየር ላይ ቀረ። ዓኒሳ ይህን አይታ በሹክሹክታ "ሦስትና አንድ ይበሉት፣ እማማ" አለቻቸው። እማማ እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻሚስ ቀና ብላ አየቻቸው። እጃቸውን በቀስታ አወረዱና ፀጉሯ ላይ አሳረፉት።

"አራት" አሉ። "ማሻአላህ።"

ከዚያም ወደ አምስተኛው ልጅ አለፉ።